የሩዙን በግ ማን አረደው?

የልጅ ልጄ ሜላት ማክሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሳ ዕቃዋን ከፈትኩና አንድ በግ ሳይነካ ተመልሶ አገኘሁ። በግ ስላችሁ የሩዝ በግ ነው፤ በመዳፌ ጨብጬ፣ በጥቁር አዝሙድ ዓይን ሠርቼለት፣ ከካሮት ጆሮ ቀጥዬለት የላክሁት። የላክሁት ሁለት ነበር፤ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን አጠገቧ ለምትቀመጠው ጓደኛዋ ለሐያት። "ይሄኛውስ ምን ሆኖ ነው?" ስላት ሜላት ጫማዋን እየፈታች፣ "ሐያት አልበላም አለች። ማን አረደው ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ ደግሞ አላውቅም አልኳት" አለችኝ። ልጄ ሰብለ ከሥራ ገብታ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ በሳቅ ፍርስ አለች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ይህንን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። የሰማሁት ጎባ ላይ ነው፤ እኔ ገና አፍሮ አበጥሬ፣ ጠመኔ ኪሴ ውስጥ ከትቼ በምሄድበት ዘመን።

ነገሩን የጀመረችው እንኳ ሰብለ ናት። ሜላት ምሳ አልበላም ማለት ካበዛች ቆየች፤ ፓስታውም ፍርፍሩም እንደሄደ ይመለሳል። ሰብለ ቀን ባንክ ስትሠራ ትውልና ማታ ስልኳ ላይ አፍጥጣ፣ የጃፓን እናቶች ለልጆቻቸው ሩዙን በድመትና በጥንቸል መልክ እየሠሩ ምሳ ዕቃ ውስጥ ሲደረድሩት ታያለች። ከዚያ አንድ የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ አስመጣች። ማክሰኞ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ድመቷ ሳህኑ ላይ ተበትናለች፣ ሰብለም ረፍዶባት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። የሱቃችን ሩዝ ፍሬው ረጅም ነው፣ ደረቅ ነው፣ ለየብቻው መቆም ይወዳል። "ተነሽ ከዚህ" አልኳት። ውሃ ጨመርኩበት፣ ከድኜ አበሰልኩት፣ በማማሰያ እያሸሁ እርስ በርሱ አጣበቅኩት፤ ከዚያ እጄን በጨው ውሃ ነክሬ ትኩሱን ጨበጥኩት። በሶ ለውሶ ጭብጦ እየጨበጠ ላደገ እጅ ይህ ሥራ አይባልም። ሰብለ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ "እማዬ፣ ይሄን ከየት ነው የተማርሽው?" አለችኝ። ስልክ ሳይኖር ነው የተማርኩት አልኳት፣ ሄደች።

ትኩስ ሩዝ በጨው ውሃ የራሰ እጅ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ። ወጥም አይሸትም፣ ዳቦም አይሸትም፤ ዝናብ ያረፈበት ገለባ ትንሽ ይቀርበዋል። ያንን ሽታ ይዤ ነው ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ ጎባ ስዞር የዋልኩት። ያኔ ጎባ ጎባ ነበረች። የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ እሷ ናት፤ ቢሮው እዚያ፣ ፍርድ ቤቱ እዚያ፣ ደህና ልብስ ሰፊ ያለው እዚያ። ሮቤ ማለት ስንዴ የሚጫንበት መንገድ ዳር ነበር። የሮቤ ሰው ይህንን ስነግረው ደስ አይለውም፤ እኔም ሮቤ ላይ ቤት ሠርቼ እየኖርኩ ከመናገር አልቦዘንኩም። አሁን ሁሉ ነገር ወደዚህ መጥቶ፣ ባጃጁ መተላለፊያ አሳጥቶን፣ ጎባ ስሄድ ከተማዋ ዝም ብላ ትጠብቀኛለች። የድሮዋ ጎባ ግን ዝም አትልም ነበር። ገበያው ማዕዘን ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ትራንዚስተሩን መስኮቱ ላይ ያስቀምጥና ዘፈኑን ለመንገዱ ሁሉ ይለቃል፤ የጋሪው ፈረስ ቃጭል ከዘፈኑ ጋር እየተደባለቀ ያልፋል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከአጠገቡ ትኩስ ዳቦ። እኔ መምህርት ነኝ ብዬ ቤል ቦተም ሱሪ እለብስ ነበር። እናቴ ከበር እስክወጣ ድረስ "ነጠላሽን ተከናነቢ" ትለኛለች፤ ሱሪው ግን ከሳነቴ ተራራ የወረደው ጉም ያረጠበውን የጎባን ጭቃ ሁሉ እየጠረገ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው። ታኮ ጫማዬ አንድ ጊዜ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀርቶ በካልሲ ገብቼ አስተምሬያለሁ። ማንም አልሳቀብኝም፤ ቢስቅም ዓይኔን አፍጥጬ ዝም አሰኘው ነበር።

በእናቴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሳቺኮ የምትባል ጃፓናዊት ነበረች። ለበጎ ፈቃድ ሥራ የመጣች ናት፤ ከኔ ጋር በአንድ መዋዕለ ሕፃናት እንሠራለን። እኔ ፊደል አስቆጥራለሁ፣ እሷ የእጅ ሥራና ስፖርት ታሠራለች። ቀጭን ናት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ብርዱን ከኛ በላይ ትችላለች። አማርኛውን ከልጆቹ ስለተማረችው ሽማግሌውንም "አንተ" ነበር የምትለው፤ ቄሱም ሐጂውም ይቅር ብለዋታል። ምሳዋን በአንዲት ቀይ የእንጨት ሣጥን ይዛ ትመጣና ስትከፍታት ሩዙ በሦስት ማዕዘን ተጨብጦ፣ ወገቡን በጥቁር ቅጠል ታስሮ ይታያል። ልጆቹ ካርቦን ወረቀት ትበላለች ብለው ለየቤታቸው አወሩ። የባሕር ቅጠል ነው ብላ ልታስረዳቸው ሞከረች፤ ባሌ ደጋ ላይ ባሕርን ለልጅ ማስረዳት ግን ቅጠሉን ከማስረዳት ይከብዳል።

አሁን ወደ አብዱ ልምጣ። አብዱ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። አባቱን ቀድሞ አጥቷል፤ እናቱ ስትሞት ደግሞ ከሳነቴ ማዶ ከሪራ አምጥተው ለአያቱ ለሐጂ ቃሲም ሰጡት። ጎባ ከገባ ወዲህ ቃል አልወጣውም። ሲያለቅስም ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል። ቤት ውስጥ ወተት በግድ ይግቱታል፤ ክፍል ውስጥ ግን ምሳውን ከፊቱ አስቀምጦ እያየ ይውላል። አንገቱ ቀጥኖ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶት ነበር። ልጆች ብዙ አይቻለሁ፣ ሁሉን እኩል እወዳለሁ የሚሉ መምህራንም አይቻለሁ። እኔ አብዱን አብልጬ እወደው ነበር፤ ሰበብም አልፈልግለትም።

ሐጂ ቃሲም ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቃቸው በቢላቸው ነው። ያኔም ሆነ ዛሬ ዶሮ የሚያርደው ወንድ ነው። የሰፈሩ ሙስሊም ሴቶች ዶሯቸውን በክንፉ አንጠልጥለው ጠዋት ጠዋት ሐጂ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ እሳቸውም ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ዞረው፣ የአላህን ስም ጠርተው ያርዱላቸዋል። አብዱ የውሃውን ጣሳ ይዞ አጠገባቸው ይቆማል። አንድ ቀን ሱቃቸው ገብቼ ስለ ልጁ ስጠይቃቸው ጨርቁን እየጠቀለሉ፣ "ልጄ፣ ከተማው አልተስማማውም" አሉኝ። "የሪራ መኪና ለቅዳሜ ገበያ ይመጣል። ወደ አጎቶቹ እሰደዋለሁ። ከብቱን ሲያይ፣ ጫካውን ሲያይ ይበላ ይሆናል።" ሪራ ክፉ አገር አይደለም፤ ማሯን ማን ይጠላል። ግን ልጁ እናቱን የቀበረበት አገር ነው። መኪናው ሳነቴን አቋርጦ ወደዚያ ቢወስደው ዝም እንዳለ እንደሚቀር ልቤ ነገረኝ፤ ልቤ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይዋሽም። ማታውን ለሳቺኮ ነገርኳት። ሰማችኝና፣ "እናቴ እኔ አልበላ ስል ከሩዝ እንስሳ ትሠራ ነበር" አለችኝ።

ለቅዳሜ ጥቂት ቀን ነበር የቀረን። የእናቴን ብረት ድስት ጥደን ሩዙ ተበተነብን፤ ሳቺኮ ይህ ሩዝ አይደለም ብላ ተቀመጠች። እኔ ነኝ በማማሰያ አሽቼ እንደ ገንፎ ያጣበቅኩት፤ እሷ ደግሞ በጨው ውሃ የራሰ እጅ ሩዝ እንደማይጣበቅበት አሳየችኝ። መጀመሪያ ጥንቸል ሠራች። ክፍል ውስጥ ሳህኑን ስታዞር የኛ የክርስቲያኖቹ ልጆች "ጥንቸል አይበላም" አሉ፣ ሙስሊሞቹም ያንን ሰምተው እጃቸውን ሰበሰቡ። በማግስቱ ክብ ፊትና ክብ ጆሮ ያለው ድብ ሠራች። ድብ የሚባል አውሬ ማን አይቶ፤ "ጅብ ነው" ብሎ አንዱ ጮኸ፣ ሌላዋ ወንበር ላይ ወጣች። ሳቺኮ የጅቡን ሳህን ይዛ በር ላይ ቀረች። አብዱ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። የባሕሩ ቅጠልም አለቀ። ያን ማታ የእናቴን ጥቁር አዝሙድ ከሞሰቡ ላይ አንስቼ፣ "ዓይኑ በዚህ ይሁን፤ እንስሳው ደግሞ በግ ይሁን" አልኳት። በግ የማያውቅ የጎባ ልጅ የለም።

ሐሙስ ዕለት በጎቹን ይዘን ገባን። እውነቴን ነው፣ ያምሩ ነበር። ሩዙ ራሱ ፀጉር መስሎ፣ አራት እግር ወጥቶለት፣ የአዝሙድ ዓይኗ ታይሃለች። የክርስቲያኖቹ ልጆች፣ "ከቲቸር ቤት ነው የመጣው፣ የኛ ነው" ብለው አድለን ሳንጨርስ መብላት ጀመሩ። ሙስሊሞቹ ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዩታል። ዘይነባ የምትባል ደፋር ልጅ ነበረች፤ ተነሥታ፣ "ማን አረደው?" አለች።

ሳቺኮ ወደኔ ዞረች። "ሩዝ ነው እኮ" አለች።

"ሩዝ መሆኑን እናውቃለን" አለች ዘይነባ። "ግን በግ ሆኗል።"

አልተቆጣሁም፤ የምቆጣበት ነገር አልነበረም። እኛ ሰርግ ስንደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻው በሬ ይታረዳል፣ ለብቻው ድስት ይጣዳል፤ አራጁም ወጥ ሠሪዋም ከነሱው ናቸው። እነሱም ሲደግሱ ለኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። ተከባብረን የኖርንበት መንገድ ነው። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ያዩትን ይዘው ነው የመጡት፤ ደህናም አድርገው ይዘውታል። ሩዝ በግ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማረኝም።

በዚህ መሀል አብዱ ከጥጉ ተነሣ። የራሱን ሳህን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ በጓን ወደ ሰሜን አዞራት። አያቱ ጠዋት ጠዋት ወደዚያ እንደሚዞሩ አይቷል። የማንኪያውን እጀታ አንገቷ ላይ አድርጎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከሁሉ የቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ ሰማሁት፤ ሹክሹክታ ነው፣ ግን ድምፅ ነው። "ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር" አለ። ቆረጣት። ከዚያ እዚያው ቁጢጥ ብሎ መብላት ጀመረ። ዘይነባ ምንም ሳትናገር ሳህኗን ይዛ ከፊቱ ቆመች፣ ከኋላዋ ሌሎቹ ተሰለፉ፣ ልክ እንደ ሐጂ በር። አብዱ የራሱን እያቆመ ለሁሉም አረደላቸው። ሳቺኮ ፊቷን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙራ ነበር።

ልጆቹን ሸኝቼ በቀጥታ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ጨርቅ እየለኩ ነበር። "ሐጂ፣ አብዱ ተናገረ" አልኳቸው።

መቀሱን አስቀመጡት። "ምን አለ?"

"ቢስሚላሂ አለ።"

"በምን ላይ?"

"በሩዝ በግ ላይ።" ነገሩን ከጥንቸሉ ጀምሬ ዘረዘርኩላቸው።

የለኩትን ጨርቅ አጠፉ። "ልጄ፣ በዲን አይቀለድም" አሉ። "ልጁ አልተናገረም ይሆናል፤ አንቺ ስለወደድሽው መስሎሽ ይሆናል።"

"አልቀለድንም፣ አልመሰለኝምም" አልኳቸው። "ነገ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ።" ከሱቁ ስወጣ ግን በመጥራቴ ተጸጸትኩ። ሐጂ አይተው ቢቆጡ ልጁ ያችን የወጣችውን ድምፅም መልሶ ይውጣታል፤ መኪናው ደግሞ ቅዳሜ ይመጣል።

ዓርብ ነበር። ሐጂ ለጁምዓ ሶላት ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከምሳ በፊት በሩ ላይ ቆሙ። የክርስቲያኖቹ ልጆች ለጾም ገና ያልደረሱ ቢሆኑም፣ ዓርብ ነው በግ አንበላም ብለው ስለነበር ለነሱ ያንኑ ሩዝ ድቡልቡል አድርገን "ይሄ ድንች ነው" ብለን ሰጥተናቸዋል፤ በደስታ በሉ። አብዱ መስኮቱ ሥር በጓን አዙሮ ማንኪያውን ሲያነሣ አያቱን አያቸው። እጁ አየር ላይ ቀረ። ሐጂ ገቡና ከልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው።

"ቀጥል" አሉት። "ግን ድምፅህን ከፍ አድርግ። የምታርደው ለሰዎቹም ነው፣ ይስሙህ።"

አብዱ አያቸው፣ ወደ በጓ ተመለሰ፣ ክፍሉ ጥግ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ስሙን ጠራ። ሐጂ ከዘራቸውን አቀርቅረው ያያሉ። ሲጨርስ፣ "ያረደ ሰው ድርሻ ያካፍላል" አሉ ቀና ሳይሉ። "የኔስ?"

ልጁ የኋላ እግሯን ገንጥሎ በመዳፉ አመጣላቸው። "አካኮ" አላቸው፣ አያቴ ማለቱ ነው፤ "እግሩ ያንቱ ነው።"

ሐጂ ተቀብለው በሉ። ቀስ ብለው አላመጡ፤ ሩዙ ጺማቸው ላይ ቀርቶ እንባቸው ደረሰበት፤ አልጠረጉትም። ሲነሡ ወደኔ ጠጋ ብለው፣ "ሩዝ ሩዝ ነው፣ ሳይታረድም ይበላል። ለልጆቹ ግን አትንገሪያቸው" አሉኝ። በሩ ጋ ደርሰው ደግሞ ዞሩና፣ "ጨው በዝቶበታል" አሉ። ቅዳሜ የሪራ መኪና ጨውና ስኳሩን ጭኖ ያለ አብዱ ሳነቴን ወጣ። እኔ ቁልቁል ገበያው ላይ ቆሜ ሲሄድ አየሁት፤ ዘፈኑ ከልብስ ሰፊው መስኮት ይለቀቃል፣ ቤል ቦተሜ ጭቃ በጭቃ ነው፤ ከዚያ ቀን የተሻለ ገበያ አላስታውስም።

ሳቺኮ ጊዜዋ ሲደርስ አገሯ ገባች። ቀዩን የምሳ ሣጥን ለኔ ተወችልኝ፤ ዛሬ አዝራሮቼ ናቸው ያሉበት። ሐጂ ቃሲም በዕድሜያቸው፣ በክብራቸው አረፉ። አብዱ ደግሞ አሁን ጺሙ ሸብቶ እዚሁ ሮቤ፣ ከቤቴ ማዶ ምስማርና ቆርቆሮ ይሸጣል። እንደሱ ወሬ የሚያበዛ ነጋዴ በዚህ ከተማ የለም። አንድ ኪሎ ምስማር ልትገዛ ገብተህ የስንዴውን ዋጋ፣ የአጋርፋን መንገድ፣ የኳሱን ውጤት ሰምተህ ነው የምትወጣው። "አንተ ልጅ፣ ድሮ ዝም ማለት ታውቅ ነበር" እለዋለሁ፤ ይስቃል። ስለዚያ ሳምንት ግን አንስተን አናውቅም። ያስታውሰዋል አያስታውሰውም እርግጠኛ ያልሆንኩበት ነገር ይኼ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሜላት የሐያትን "ማን አረደው" ስትለኝ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። በማግስቱ ማለዳ ተነሥቼ ሩዙን ጣድኩ። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ለሜላት የሩዝ ድንች ሠራሁላት፣ ለሐያት በግ። ሜላትን ትምህርት ቤት ከማድረሴ በፊት እጇን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። አብዱ ከሁለት ገበሬዎች ጋር ስለ ቆርቆሮ ውፍረት ይከራከራል። "ቲቸር፣ አካም ቡልታኒ፣ እንዴት አደሩ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ያ ብርድ..." ብሎ ሊቀጥል ሲል ምሳ ዕቃውን ከምስማሮቹ መሀል አስቀምጬ ከፈትኩት።

"እረድልኝ" አልኩት። "ለሐያት ነው፤ ካልታረደ አትበላም።"

አብዱ በጓን አያት። ገበሬዎቹ አዩት፣ እኔም አየሁት። ወሬው የት እንደገባ እንጃ፤ ያ ድሮ የማውቀው ዝምታ ፊቱ ላይ ተመለሰ። ከዚያ ከጀሪካኑ ውሃ ቀድቶ እጁን ታጠበ፣ የሻይ ማንኪያውን አነሣ፣ ምሳ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ቀስ አድርጎ ወደ ሰሜን አዞረው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስሙን ጠራ። ሲጨርስ የኋላ እግሯን ገንጥሎ በመዳፉ ዘረጋልኝ።

"ቲቸር" አለኝ፤ "እግሩ ያንቱ ነው።"

ሜላት ነጠላዬን ጎተተችኝ። "እማማ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። ደግሞ የነሐያት እርድ ነው።"

"አውቃለሁ" አልኳትና በላሁት። ጨዉ ልክ ነበር።